ለአንድ ሂያጅ አንድ ቀሪ

አራብሳ ውስጥ ሃያ ሁለት ፎቅ ሕንጻ ላይ የሚኖር ሰው ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው ሰማዩን አይደለም፤ የሊፍቱን መብራት ነው። አረንጓዴ ከሆነ ይሄዳል። ቀይ ከሆነ ወደ ቤቱ ይመለስና ቀኑን እንደገና ያቅዳል። ገበያው ለነገ ይተላለፋል፣ ሐኪም ቤቱ ለሳምንት፤ ሠርግ የተጠራ ሰው ደግሞ ደህናውን ጫማ በፌስታል ይዞ በነጠላ ጫማ ይወርዳል። ዕድራችን ከድንኳኑና ከብረት ድስቱ ሌላ ስድስት ጥቅል ገመድና አንድ የሸራ አልጋ አለው፤ ከላይኛው ፎቅ ሰው ሲሞት ሬሳው የደረጃው መታጠፊያ ላይ ያስቸግራልና። በ2091 ዓ.ም. የዕድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ሁለት ሰዓት ሙሉ የተከራከረው ስለ ገመዱ ርዝመት ነበር። ቃለ ጉባኤው አለ።

እኔ ሊፍት ጠጋኝ ነኝ። ስሜ ናሆም ይባላል፤ ይህ ነገር ሲሆን ዕድሜዬ አርባ አራት ዓመት ከስምንት ወር ነበር። ሊፍት የሚጠግን ሰው በሊፍት አይወጣም። የሚጠራው ሊፍቱ ሲቆም ስለሆነ መሣሪያውን ተሸክሞ በደረጃ ነው የሚወጣው፤ ሠርቶ ሲጨርስ ደግሞ ነዋሪው ቀድሞ ይሞላበትና በደረጃ ይወርዳል። ቀኝ ጉልበቴ ሲታጠፍ ድምፅ ያወጣል። ደክሞኛል። ይህንን መጀመሪያ ላይ መናገር ይሻላል፤ ቀጥሎ የምናገረው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

የሥራ ጓደኛዬ ሙዘሚል ከድር ይባላል። ሃያ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል። ሰው ሊፍት ውስጥ ሲዘጋበት እሱ ላይ ሞተር ክፍል ይገባል፣ እኔ ታች በሩ ላይ እቆማለሁ። እኔ "ልቀቅ!" ስል እሱ ፍሬኑን ለቆ የሞተሩን ጎማ በእጁ ያዞራል፤ "ያዝ!" ስል ይይዛል። በመካከላችን ሃያ ፎቅ ጨለማ አለ። አንድ ቀን እንኳ ዘግይቶ አልያዘም። ሚስቴ ሶልያና "ከኔ ይልቅ የሙዘሚልን ድምፅ በደንብ ትሰማለህ" ትለኛለች፤ እውነቷን ነው።

የእኩያ ስምምነት የሚባለው ከመጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት ሰሜኖቹ፣ ማለትም ከአውሮፓ ራስጌ ያሉት ብርዳም አገሮች፣ እጁ ሙያ ያለውን ሰው ሁሉ እየመረጡ ወሰዱት፤ በያጁን፣ ቧንቧ ሠራተኛውን፣ አናጺውን። አንድ ክረምት ሰፈር ሙሉ ጣራው ሲያፈስ የሚደፍን ጠፍቶ ሕዝቡ በጃንጥላ ሥር አደረ። ከዚያ መንግሥታቱ ተቀምጠው ተስማሙ። አንድ ባለሙያ ለዘለቄታው መሄድ ቢፈልግ፣ በብቃት እኩያው የሆነ አንድ ሌላ ሰው ለዘለቄታው መቅረት አለበት። የሚሄደው ሂያጅ ይባላል፤ ቤተሰቡን ይዞ ይሄዳል፣ አይመለስም። የሚቀረው ቀሪ ይባላል፤ ከአገር አይወጣም። ለሕክምናም፣ ለሐጅም፣ ለኢየሩሳሌምም በማመልከቻ ነው ይላል መመሪያው፤ የተፈቀደለት ሰው ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። ዕድሜ እስከ አርባ አምስት ብቻ። ሲለኩን የሙዘሚልና የኔ ብቃት ልዩነት ከመቶ ሁለት እንኳ አልሞላም። ስለዚህ ከሁለታችን አንዳችን መሄድ ይችል ነበር፤ ቀጠሯችን ሲደርስ ለኔ የቀረኝ ጊዜ አራት ወር ነበር።

መሄድ ፈልጌ ነበር። በሰሜን ሊፍት የሚጠገነው ሳይበላሽ በፊት ነው አሉ። ጠጋኙ በሊፍት ወጥቶ፣ ዘይቱን አይቶ፣ በሊፍት ይወርዳል። ይህንን ያወራኝ ሰው ሲስቅ እኔ አልሳቅሁም። ሶልያና ደግሞ የሰሜኖቹን ቋንቋ ሁለት ዓመት አጥንታለች። የምታጠናው ደረጃ ላይ ነው፤ በጆሮዋ እየሰማች በየእርከኑ አንድ ቃል ትላለች። ቤታችን አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍቱ በቆመ ቁጥር ቋንቋዋ ይሻሻላል። ባሏ ደግሞ የሚኖረው ሊፍቱን በመጠገን ነው፤ እንግዲህ እኔ ነኝ ያዘገየኋት።

ችግሩ የኛ ጠባይ ነው። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው እምቢታ መልስ አይደለም። "እንብላ" የተባለ ሰው "አሁን በልቼ መጣሁ" ይላል፣ "በሞቴ" ሲባል ቀስ ብሎ ይጠጋል፣ "አፈር ስሆን" ሲባል እጁን ይታጠባል። ርቦት ነው የመጣው፤ ይህንን ሁሉም ያውቃል። ሙዘሚልና እኔ ደግሞ በዚህ ነገር የባስን ነን። አንድ ቀን አያት አካባቢ አንድ ሊፍት ሠርተን ጨርሰን፣ እንሞክረው ብለን በሩ ላይ ቆምን። "ግባ" አልኩት። "ኧረ አንተ ግባ" አለኝ። "አንተ እያለህ?" አልኩት። በሩ ተዘግቶ ሊፍቱ ባዶውን ወደ አሥራ አንደኛ ፎቅ ሄደ። እዚያ ቆመው የነበሩ ሰዎች እስከ ዛሬ ይሄንን ያወራሉ።

እንግዲህ ለሰባት ወር እንዲሁ ሆንን።

"አንተ ሂድ፤ ዕድሜህ እኮ ሊያልፍ ነው" ይለኛል።

"በጭራሽ። ወንድሙ እዚያ ያለው አንተ ነህ" እለዋለሁ።

"ወንድሜ ደህና ነው። ያንተ ጉልበት ነው የማያስተኛኝ።"

"ጉልበቴን ተወው፤ ለምጄዋለሁ።"

ይህንን የምንባባለው ደረጃ ላይ ነው፤ እያለከለክን። እኔ እምቢ ስል በልቤ "ድገምና ጠይቀኝ" እያልኩ ነበር። እሱም ይደግማል። እኔም እደግማለሁ። ምርጫችንን የምናስመዘግብበት ቀጠሮ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቤቴ መጣ። አልቀመጥም አለ። ሶልያና ፊት ቆሞ እንዲህ አለኝ፦

"ነገሩ አልቋል። አንተ ትሄዳለህ፣ እኔ እቀራለሁ። ከሐያትም ጋር ተነጋግረናል። ከዚህ በኋላ አንዲት ቃል ብትናገር ወላሂ እጣላሃለሁ።"

"ሐጁስ?" አልኩት።

"አላህ ያልቻለን ሰው አያስገድድም" አለ። ሐያት ሚስቱ ናት፤ እሷም መልእክት ልካ ነበር፤ "በሰላም ግቡ" የሚል።

ሶልያና ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል በሁለት እጁ ያዛት። እኔ አለቀስኩ። እሺ አልኩ። በሕይወቴ ለሰው እሺ ብዬ እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም።

ሰኞ ጠዋት ከቤት ስወጣ ሶልያና ኮሌታዬን እያስተካከለች፣ "ናሆም፣ እዚያ ገብተህ ደሞ 'ኧረ አይገባም' እንዳትል" አለችኝ።

"ሕፃን ነኝ እንዴ?" አልኳት።

የስምምነቱ ጽሕፈት ቤት ካሳንቺስ ነው። ሂያጅና ቀሪ በተለያየ በር ነው የሚገቡት። አንዱ አንዱን እንዳያስፈራራ ነው ይላሉ፤ በሌላ አገር በር ላይ የተደባደቡ፣ የተወጋጉ እኩዮች ነበሩ። ሙዘሚል በግራው በር ገባ። ከመግባቱ በፊት ዞሮ እጁን አነሳልኝ። እኔ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቼ በቀኙ ገባሁ።

ክፍሉ ውስጥ አንድ ወንበር አለ። ግድግዳው ላይ የሙዘሚል ፎቶ በራ፤ ያን ዕለት ጠዋት የተነሳው ነው፣ ቆቡ በአንድ በኩል ዘምሟል። ዜና አንባቢ የመሰለ የሴት ድምፅ አነጋገረኝ። ጨዋ ድምፅ ነው፤ እርስዎ ነው የምትለው።

"አቶ ናሆም፣ እኩያዎ አቶ ሙዘሚል ከድር ዕድሜ ልካቸውን በአገር ውስጥ ለመቅረት መርጠዋል። ምርጫቸው አይሻርም። እርስዎ ሂያጅ ነዎት ወይስ ቀሪ?"

ዕድሜ ልካቸውን ስትል ፎቶውን አየሁት። ፈገግ ብሏል። ይህንን ሁሉ ለኔ ብሎ ሰጥቶ፣ እኔ ደግሞ ዝም ብዬ፣ አንድም "ኧረ ተው" ሳልል፣ እንደ ሌባ ቀምቼው ልወጣ ነው። ፊቴ ጋለ። አፌ ከኔ ቀድሞ ተናገረ፦

"ኧረ እሱ እያለ! እሱ ይሂድ እንጂ፤ እኔማ እቀራለሁ።"

"ቀሪ። ተመዝግቧል። እናመሰግናለን" አለች።

ጠበቅሁ። የምጠብቀው ምን እንደሆነ ለመናገር ያሳፍራል። "በሞቴ" እንድትለኝ ነበር የምጠብቀው። ሃያ አንድ ዓመት እምቢ ባልኩ ቁጥር የሚያስገድደኝ ሰው ነበረኝ፤ አሁን ግን እሱ ሌላ ክፍል ውስጥ ነው። የሙዘሚል ፎቶ ጠፋ። በሩ ተከፈተ። አንዲት ሰማያዊ ካርድ ከግድግዳው ወጣች፤ ስሜና "ቀሪ" የሚል ቃል ተጽፎባታል፤ ገና ትሞቃለች።

"ቆይ" አልኩ። "ቆይ እንጂ፣ አልጨረስኩም።" ለማን እንደምናገር አላውቅም።

ኮሪደሩ ላይ ያለችው ሠራተኛ ወይዘሮ ትብለጽ ትባላለች፤ ስሟ ደረቷ ላይ አለ። እጄ ላይ ያለችውን ካርድ አየችና ወንበር ሳበችልኝ። ሳልናገር ነው የገባት።

"እኩያህም ቀሪ ብሏል?" አለችኝ።

"ብሏል።"

"በዚህ ወር አሥራ አንደኛ ጥንድ ናችሁ።"

"እኔ እኮ እንደው አፌ ላይ መጥቶ ነው። የይሉኝታ ነው። የልቤን አልነበረም።"

"አውቃለሁ። አሥሩም እንደዚህ ነው ያሉት።" ውሃ ሰጠችኝ። "ሌላ አገር ሁለቱም ሂያጅ ነኝ ይሉና ይጣላሉ። እንዲህ ያለው ምዝገባ ይፈርሳል፤ በሦስተኛው ወር ይደገማል። ሁለቱም ቀሪ ሲሉ ግን የሚፈርስበት አንቀጽ የለም። ሕጉን ያረቀቁት ፈረንጆች ይሄ ይደርሳል ብለው አላሰቡም።"

"ታዲያ አንድ ሰው አያስረዳቸውም?"

"ከሁለት ዓመት በፊት የሚያስረዳ ኮሚቴ ይቋቋም ተባለ። ሰብሳቢ ሲመረጥ ሁሉም 'እኔ አይገባኝም፣ እሱ ይሁን' አሉና ሳይቋቋም ቀረ።" አልሳቀችም። "የኛ ድርሻ በየዓመቱ ይተርፋል። የተረፈውን ለሌላ አገር ይሰጡታል።"

ሙዘሚል ውጭ የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ትልቅ ነገር ሠርቶ የጨረሰ ሰው ፊት ነው ያለው፤ የደከመ ግን የጸዳ። ሲያየኝ ሮጦ አቀፈኝ።

"እንኳን ደስ አለህ! እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ!"

ካርዷን ሰጠሁት። አነበበ። ገልብጦ ጀርባዋን አየ፤ ጀርባዋ ባዶ ነው። እንደገና አነበበ። ከዚያ ቀስ ብሎ እዚያው ጠርዙ ላይ ተቀመጠ።

ወደ አራብሳ በሚሄደው አውቶቡስ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን። መገናኛ እስክንደርስ ካርዷን በእጁ ያገላብጥ ነበር።

"ጨርሰን ነበር እኮ" አለ በመጨረሻ።

"አፌ ነው፣ ሙዘሚል።"

"አፍህን አውቀዋለሁ። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳ እሺ ብለህ ዝም ብትል ምን ነበረበት?"

አውቶቡሱ ቆሞ ሰው ጫነ፣ ሄደ።

"እኔም መሄድ እፈልግ ነበር" አለ። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ ነው የሚናገረው። "ከወንድሜ አጠገብ ቤት ሁሉ አይቼ ነበር። ሐያት መጋረጃውን ሳይቀር መርጣለች።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርህ ትተውልኝ ነበራ።"

እውነቱን ነው፤ ሳልውል ሳላድር እተውለት ነበር።

"ሰባት ወር ከራሴ ጋር ታገልኩ" አለ። "ተኝቼም ነቅቼም አስቤ ተውኩት። ትቼ ስጨርስ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ወላሂ። ለናሆም ነው ብዬ። አሁን ለማን ነው የተውኩት?"

እጁን ልይዘው ፈለግሁ፤ አልያዝኩትም። አፈርኩ። እንዲህ ያለ ማፈር አላውቅም። እሱ ከኔ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ይወርዳል። ሲነሳ፣ "ነገ ሰባት ቁጥር ሕንጻ፣ ሁለት ሰዓት ላይ" አለኝ። ሥራ ነው። ቻው አላለኝም።

የኛ ሕንጻ ሊፍት ቀይ ነበር። ደረጃውን ስጀምር ለሶልያና የምነግራትን ማዘጋጀት ጀመርኩ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ረጅም ንግግር ነበረኝ፤ ስለ ፎቶው፣ ስለ ድምፁ፣ ስለ ክፍሉ። ስምንተኛ ፎቅ ላይ ግማሹን ጣልኩት። አሥራ አራተኛ ላይ ትንፋሼ አጥሮ የቀረችው ይህቺ ብቻ ነበረች፦ መሄድ ፈልጌ ነበር፤ አፌ ነው ያጠፋው፤ ይቅር በይኝ። ይህችን ካልኳት የፈለገችውን ትሁን። ትጮህ፣ ትሳደብ፣ እናቷ ቤት ትሂድ። ብቻ ሳልመርጣት ቀርቼ እንዳልሆነ ትወቅ። አገር ውስጥ መቅረቱ አንድ ነገር ነው፤ እሷን ትቼ እንደቀረሁ ካሰበች ግን ምንም አይቀረኝም።

የዘነጋሁት ነገር ቢኖር ሰሌዳውን ነው። የቀሪ ስም በተመዘገበ በደቂቃው ከእኩያው ምርጫ ጋር በየሕንጻው መግቢያ ሰሌዳ ላይ ይወጣል፤ ነዋሪው ጠጋኙ እንዳልሄደበት እንዲያውቅ። አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ስደርስ ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል። ከታችም ከላይም መጥተዋል። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ሮቤል ራሱ፣ ሰማንያ ዓመቱ ነው፣ ከሃያ አንደኛ ፎቅ በሁለት ሰው ተደግፎ ወርዷል። ሶልያና በራችን ላይ ቆማለች። በሰዎቹ ትከሻ መሃል ፊቷ ታየኝ። ዓይኗ እኔ ላይ ነው፤ ትጠብቃለች።

"ናሆም ልጄ" አለ ጋሽ ሮቤል። "ማንም ሳያስገድደው 'እቀራለሁ' አለ ብለው ነገሩን። ጓደኛህ ቀርቶልህ እያለ። እኛን ብለህ ነው?"

ከአሥራ አራተኛ ፎቅ ጀምሮ የተሸከምኳት ቃል ምላሴ ላይ ነበረች። አየኋቸው። ጋሽ ሮቤል እንባ አቅርሯል። አጠገቡ ያለችው ነፍሰ ጡር ሴት ሆዷን ይዛ ትጠብቃለች። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ቆሞ "የለም፣ እናንተን አላሰብኳችሁም፤ ልሄድ ነበር" የሚል ሰው አለ? ይኖራል። ሌላ አገር።

"እናንተን ትቼ የት እሄዳለሁ፣ ጋሼ" አልኩ።

እልልታው እዚያው ጀመረና በደረጃው ወደ ታች ወረደ፤ ከየፎቁ የሰማ ሁሉ እየተቀበለ እስከ ምድር ቤት አደረሰው። ሳሙኝ። ጀርባዬን መቱኝ። አንዱ ከኋላ "ሊፍቱን ዛሬ ታየው ይሆን?" አለና በክርን ተጎሸመ። በዚህ ሁሉ መሃል ሶልያና መጣች። ሰው መንገድ ለቀቀላት። ሁለቱን ጉንጬን እንደሌሎቹ ሳመችኝ፣ ፈገግ አለችና ሰው ሁሉ እየሰማ፣

"እንኳን ቀረህልን" አለችኝ።

ከዚያ እንግዶቹን አስገባች። ሻይ አፈላች። ወንበር ሲያንስ ከጎረቤት አስመጣች። ቀኑ ሊመሽ ሲል የመጨረሻው እንግዳ ወጣ፤ በሩን ዘጋሁ።

"ሶልያና፣ አሁን ማንም የለም። ስደቢኝ። የልብሽን ተናገሪ።"

"ምን ብዬ?" አለች ብርጭቆ እየሰበሰበች። "እንኳን ቀረህ አልኩህ እኮ።"

"መሄድ ፈልጌ ነበር። ኮሪደር ላይ ያልኩት የይሉኝታ ነው። እዚያ ጽሕፈት ቤትም ያልኩት የይሉኝታ ነው።"

"ኧረ ምን ችግር አለው። አገር እያለ፣ ዘመድ እያለ።"

"በሞቴ ሶልያና።"

"ተው በሞቴ አትበለኝ። እውነቴን ነው፤ ደስ ብሎኛል።" ድምፅዋ ጨዋ ነው፣ ለእንግዳ የሚሆን ድምፅ ነው። ፊቷን አላዞረችም።

ይህ ከሆነ ስድስት ወር አለፈው። አርባ አምስት ዓመቴን ሞላሁ። ከሙዘሚል ጋር እንሠራለን፤ ከላይ ሆኖ ይይዝልኛል፣ ይለቅልኛል፤ ሌላ ነገር ብዙም አናወራም። ሶልያናን ግን አሁንም እጠይቃታለሁ። ልብስ ስታጥፍ፣ ደረጃ አብረን ስንወጣ፣ ጠዋት ስትነሳ። ተቆጥታ አንድ ክፉ ቃል ብትወረውርብኝ እረፍት ነበር። እሷ ግን ባዶ እጄን እንዳልመለስ የፈራች ይመስል ሁልጊዜ በትሕትና ትመልስልኛለች፤ ደስ ብሎኛል ትለኛለች፣ እንኳን ቀረህ።